ራውተሩ ሳይጠፋ ካርድ መቀየር፦ የትኛው ይነቀላል፣ የትኛው አይነካም?

ተረኛው

ሰላም ለሁላችሁ። በምሠራበት ቦታ አንድ ሲስኮ 4451 ራውተር አለ። ስሎት (የካርድ መሰኪያ ቦታ) 0/1 ላይ ባለ አንድ ፖርት የኢ1 (ከአገልግሎት ሰጪ የሚመጣ ዲጂታል መስመር) ካርድ ተሰክቷል። ሁለተኛ የኢ1 መስመር ስለ ተጨመረልን ባለ ሁለት ፖርት ካርድ ተገዝቶ መጥቷል፤ የአሮጌውን ቦታ እርሱ ይይዛል። በዚሁ ራውተር ላይ ሌሎች መስመሮችም ስላሉ የክፍላችን ኃላፊ «ሌላው አገልግሎት ለአፍታም እንዳይቋረጥ» ብለዋል። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ «ራውተሩን ሳታጠፋ እጅህን እንዳታስገባ» ይላል። ሁለቱም እርግጠኞች ናቸው፤ ካቻቪቴውን የያዝኩት ግን እኔ ነኝ።

ከዚያ ቀጥሎ አንድ ሲስኮ 2911 ላይም ተመሳሳይ ለውጥ ይጠብቀኛል። ሁለቱን በአንድ ዓይነት መንገድ ልሥራቸው?

መፍቻ

በአንድ መንገድ አትሠራቸውም።

4451 ላይ ያለው ካርድ ኒም የሚባለው ዓይነት ነው። ራውተሩ እየሠራ ይወጣል፣ ይገባል፤ ነገር ግን አስቀድሞ በትዕዛዝ እንዲቆም ከተደረገ በኋላ ነው። 2911 ላይ ያለው ኢኤችዊክ የሚባለው ሌላ የካርድ ዓይነት ነው። እርሱን ራውተሩ ጠፍቶ የኃይል ገመዱ ካልተነቀለ በቀር አትንካው።

ብዙ ሰው «ይህ ራውተር እየሠራ ካርድ ይቀየርለታል?» ብሎ ይጠይቃል። መጠየቅ ያለበት ስለ ካርዱና ስለ ስሎቱ ነው። በዚያው በ4451 ውስጥ ኒሙ ራውተሩ ሳይጠፋ ይወጣል፤ በዋናው ሰሌዳ ላይ የተሰካውን ሜሞሪ ግን ሳታጠፋ ልትደርስበት አትችልም። በቀድሞው የ3800 ተከታታይ ደግሞ 3845 ትልልቆቹን የኔትወርክ ሞጁሎች እየሠራ ሲያስለውጥ 3825 አያስለውጥም፤ በዚያው በ3845 ላይ ትንንሾቹ የኤችዊክ ካርዶች ራውተሩ ካልጠፋ አይወጡም። ስለዚህ የራውተሩን የማስታወቂያ ወረቀት ትተህ የካርዱን የመትከያ መመሪያ አንብብ።

ፈጣን_እጅ

ይህን ያህል ማካበድ ለምን አስፈለገ? እኔ ሁልጊዜ እየሠራ ነው የምነቅለው፣ ያለ ምንም ትዕዛዝ። አሮጌውን መሳብ፣ አዲሱን መግፋት፣ ብሎኑን ማጥበቅ፤ በቃ። የተቃጠለ ነገር አላጋጠመኝም። አምራቾቹ ራሳቸው «ሳይጠፋ ይቀየራል» ብለው ሸጠውልን እኛ የምንፈራው ምንድን ነው?

መፍቻ

> የተቃጠለ ነገር አላጋጠመኝም

አለመቃጠሉ አይገርምም፤ እንዳይቃጠል ሆኖ ነው የተሠራው። እየሠራ እንዲቀየር የታሰበ ካርድ ማገናኛውን ቀረብ ብለህ ብታየው ፒኖቹ እኩል ርዝመት የላቸውም። ረጅሞቹ የግራውንድ ናቸው፣ ከእነርሱ አጠር የሚሉት የኃይል፣ አጭሮቹ የዳታ። ካርዱ ሲገባ መጀመሪያ ግራውንድ ይነካል፣ ቀጥሎ ኃይል ያገኛል፣ ዳታው መጨረሻ ላይ ይገናኛል። ሲወጣ ተራው ይገለበጣል። በዚያ ላይ ኃይሉን ቀስ እያደረገ የሚለቅ ሰርኪዩት አለ፤ ምክንያቱም በካርዱ ላይ ያሉት ባዶ ካፓሲተሮች በአንድ ጊዜ ኃይል ቢስቡ የጎረቤት ካርዶች ቮልቴጅ ይወርዳል።

ይህ ሁሉ የሚጠብቀው ኤሌክትሪኩን ነው። ሶፍትዌሩን የሚጠብቅ ምንም ነገር በፒኖቹ ላይ የለም። ራውተሩ ከካርዱ መልስ እየጠበቀ ሳለ ካርዱን ስትነቅልበት፣ ድራይቨሩ (ካርዱን የሚያሠራው ሶፍትዌር) በጥንቃቄ የተጻፈ ከሆነ ስሕተቱን መዝግቦ ይቀጥላል። ካልሆነ የማይመጣ መልስ ሲጠብቅ ይቆይና ራውተሩን በሙሉ ይዞት ይወድቃል። የትኛው እንደሚደርስህ በሶፍትዌሩ እትምና በዚያች ቅጽበት ምን ይሠራ እንደ ነበረ ይወሰናል። አንተ እስካሁን የደረሰህ የመጀመሪያው ነው። የተረኛው ኃላፊ የፈሩት ሁለተኛውን ነው።

የማቆሚያው ትዕዛዝ ሥራ ይህን ማስቀረት ነው፦ ራውተሩ ከካርዱ ጋር ያለውን ጉዳይ ጨርሶ ኃይሉን ይቆርጥለታል።

ተረኛው

ጋሽ መፍቻ፣ አመሰግናለሁ፤ አሁን ልዩነቱ ገባኝ። እባክዎ ለ4451 ቅደም ተከተሉን ቢጽፉልኝ?

ሰነድ_ያዥ

ጋሽ መፍቻ እስኪመለሱ እኔ ከመንቀሉ በፊት ያለውን ልጻፍልህ፤ ሰዎች የሚዘሉት እርሱን ነውና።

ኮንሶል ላይ ግባና የምታየውን ሁሉ ወደ ፋይል ቅዳ። ሾው ኢንቬንተሪ የካርዱን ሞዴልና ተከታታይ ቁጥር ይሰጥሃል፤ ሾው ፕላትፎርም እያንዳንዱ ስሎት በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ያሳይሃል፤ ከዚያ ሙሉውን ሾው ራን (እየሠራ ያለውን ኮንፊገሬሽን)፣ የኢ1 ኮንትሮለሩን (መስመሩን የሚቆጣጠረውን ክፍል) ሁኔታና የመንገድ ሰንጠረዡን ጨምር። ይህን የምታደርገው ለወግ አይደለም። ካርዱ ተቀይሮ አንድ ነገር አልነሣ ሲል መጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ «ከበፊቱም እንዲህ ነበር እንዴ?» የሚል ነው። ያኔ ፋይሉ ከሌለህ ክርክር ብቻ ይቀርሃል።

የራውተሩ ሶፍትዌር አዲሱን ካርድ ያውቀዋል ወይ? በካርዱ መመሪያ ላይ ዝቅተኛው የሚፈለገው እትም ተጽፏል። ካርዱ ገብቶ «ያልታወቀ» ከተባለ መፍትሔው ሶፍትዌር ማሻሻል ነው፤ ያ ደግሞ ራውተሩን እንደገና ማስነሣት ይጠይቃል፣ ኃላፊህ የከለከሉትን ነገር ማለት ነው።

ትራፊኩን ደግሞ ቀድመህ አሽሸው። በኢ1 መስመሩ ላይ ኦኤስፒኤፍ (ራውተሮች መንገድ የሚመርጡበት ፕሮቶኮል) የምታሄድ ከሆነ የመስመሩን ኮስት (የመንገዱን ዋጋ) ከፍ አድርግና ትራፊኩ ወደ ሌላው መንገድ ሲዞር በዓይንህ ተመልከት። ሌላው የመንገድ ፕሮቶኮል ቢጂፒ ከሆነ አርኤፍሲ 8326 የተባለው የኢንተርኔት ደረጃ ሰነድ ላይ የተቀመጠው የግሬስፉል ሻትዳውን ዘዴ አለ፤ ጎረቤቱ ሌላ መንገድ እስኪያገኝ ያንተን ይዞ ይቆያል። ይህን ሳታደርግ ከነቀልክ ጎረቤቱ መሄድህን የሚያውቀው ሊንኩ ሲወድቅ ካየ ብቻ ነው። መካከል ላይ ሌላ መሣሪያ ካለና መውደቁ ካልታየው የኦኤስፒኤፍ የተለመደው መጠበቂያ 40 ሰከንድ ነው። የቢጂፒው ሲስኮ ላይ 180፣ ጁኒፐር ላይ 90 ሰከንድ ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ፓኬቱ ወደ ባዶ ይላካል።

አንድ መስመር ብቻ ለሚቀየርበት ሥራ ራውተሩን በሙሉ ከመንገድ ማውጣት ግን አያስፈልግም፤ የዚያን አንድ መስመር ኮስት መቀየር ይበቃሃል።

መፍቻ

ሰነድ_ያዥ የጻፈችውን ካደረግህ ግማሹ አልቋል። የቀረው ይህ ነው።

በካርዱ ላይ ያሉትን ኢንተርፌሶች ሻትዳውን አድርግ። ከዚያ ኤችደብልዩ-ሞጁል ሰብስሎት 0/1 ስቶፕ በል። የስሎቱን ቁጥር ከመጫንህ በፊት እንደገና አንብበው፤ በ0/1 ምትክ 0/2 ብትጽፍ ራውተሩ ሳያቅማማ ይታዘዝሃል። ሾው ኤችደብልዩ-ሞጁል ሰብስሎት ኦል ኦአይአር ብለህ ካርዱ መቆሙን አረጋግጥ። በካርዱ ፊት ያለው መብራት መጥፋት አለበት። ትዕዛዙ «ቆሟል» ብሎ መብራቱ ቢበራ ወይም መብራቱ ጠፍቶ ትዕዛዙ «ይሠራል» ቢል አትንቀል፤ የተሳሳተ ስሎት እያየህ ሊሆን ይችላል።

የስታቲክ መከላከያ የእጅ አምባር እሰር። ኬብሎቹን ከመንቀልህ በፊት ምልክት አድርግባቸው። ሁለቱን ብሎኖች በእጅ ካቻቪቴ ፍታ፤ በኤሌክትሪክ ካቻቪቴ የሚሠራ ሰው ብሎኑን ሳይሆን ጥርሱን ነው የሚያወጣው። ካርዱን በፊቱ ብረት ያዝ፣ ቀጥ አድርገህ ሳብ፣ ከታቹ በሌላ እጅህ ደግፈው። ሰሌዳውንና ፒኖቹን አትንካ።

አዲሱን ከማስገባትህ በፊት በፋኖስ ስሎቱን ውስጥ ድረስ እይ። ይህን የሚያደርግ ሰው ጥቂት ነው፣ እኔ ግን አጥብቄ የምለው ይህን ነው። ከኋላ በኩል የራውተሩ ማገናኛ ይታይሃል። ረድፉ ቀጥ ያለ ነው? ያጎነበሰ ነገር አለ? የወደቀ የብረት ቁራጭ፣ የተቆረጠ የፕላስቲክ ማሰሪያ? አንድ ፒን ታጥፎ ከጎረቤቱ ጋር ቢነካካ የሚጠፋው አዲሱ ካርድ ብቻ አይደለም፤ ስሎቱ ራሱ፣ አንዳንዴም የተያያዘበት ዋና ሰሌዳ ነው። የታጠፈ ፒን ካየህ ሥራውን እዚያው አቁም።

ከዚያ የካርዱን ጠርዞች በግራና በቀኝ ባሉት መሪ ቦዮች ላይ አሳርፍና ግፋው። እስከ መጨረሻው ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው የመቋቋም ስሜት ይሰማሃል፤ ፒኖቹ ሲገጣጠሙ ነው። እዚያ ላይ ሳታቅማማ እኩል ግፊት ሰጥተህ ፊቱ ከራውተሩ ፊት ጋር እኩል እስኪሆን አስገባው። ግማሽ መንገድ ላይ አቁመህ መብራቱን ለማየት አትጎንበስ። መቋቋሙ ከዚያ በፊት፣ ገና በመንገዱ መካከል ከመጣ ግን አንድ ነገር ጠማማ ነው፤ አውጣና ከመጀመሪያው ጀምር። በብሎኑ ጎትተህ ለማስገባትም አትሞክር፤ ብሎኑ የገባን ካርድ ለመያዝ እንጂ ያልገባን ለማስገባት አልተሠራም።

ፈጣን_እጅ

ፋኖሱን ተቀብያለሁ፤ ልክ ናችሁ። የእጅ አምባሩ ነገር ግን አሁንም አይዋጥልኝም። ራኩን (ራውተሩ የተገጠመበትን የብረት መደርደሪያ) ነካ አድርጌ እጀምራለሁ፣ ይበቃል።

መፍቻ

ራኩን በነካህበት ሰዓት በሰውነትህ ያለው ስታቲክ ተለቀቀ፤ ከዚያ ሁለት እርምጃ ተራምደህ ካርዱን ከፕላስቲኩ ስታወጣ እንደገና ተሞላህ። ሰው ስታቲክ ፍንጥርታ በጣቱ የሚሰማው ወደ 3000 ቮልት ገደማ ሲደርስ ነው። ስስ የሆነ ቺፕ ከ100 ቮልት በታችም ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ «ምንም አልተሰማኝም» የሚለው ማስረጃ አይሆንም። ከሁሉ የሚያስቸግረው ደግሞ ወዲያው የማይሞተው ነው፦ ካርዱ ይነሣል፣ ይሠራል፣ ከወራት በኋላ ያለ ምክንያት መውደቅ ይጀምራል። ያኔ ማንም የመትከያውን ቀን አያስታውስም።

አምባሩን ቀለም ባልተቀባ የራውተሩ ብረት ላይ እሰረው። አልፎ አልፎም በሜትር ለካው፤ ከ1 እስከ 10 ሜጋኦም መሆን አለበት። ከዚያ ካነሰ ኃይል ያለበትን ነገር በስሕተት ብትነካ ጅረቱ በአንተ በኩል ያልፋል፤ ከበዛ ደግሞ ጌጥ ነው።

ብርሃን_መስመር

ከርእሱ ትንሽ ወጣ ልበልና፣ ኤስኤፍፒዎችን (ፋይበር የሚሰካባቸውን ትንንሽ ሞጁሎች) የሚመለከት ሰው ይህን ሊያነብ ይችላል። እነዚያ እየሠሩ ይወጣሉ ይገባሉ፣ የማቆሚያ ትዕዛዝም አይሹም። የሚጎዷቸው ሌሎች ነገሮች ናቸው። መጀመሪያ ፋይበሩን ንቀል፣ ከዚያ መቆለፊያዋን ዝቅ አድርገህ ኤስኤፍፒውን አውጣ፤ ፋይበሩ ተሰክቶ እያለ የሚጎትት ሰው ሁለቱንም ያበላሻል። ሁለቱም ላይ ወዲያው መክደኛ አድርግ። ፋይበሩ ጫፍ ውስጥ በዓይንህ አትመልከት፤ 1310ም ሆነ 1550 ናኖሜትር ለዓይን አይታይም፣ ጨለማ መሆኑ ብርሃን የለም ማለት አይደለም።

ለ40 ኪሎ ሜትር የተሠራውን ኢአር የሚባለውን የብርሃን ሞጁል በአጭር ገመድ ፊት ለፊት የሚያገናኙም አሉ። ያ ተቀባዩን ሊያቃጥለው ይችላል፤ መካከሉ ላይ የብርሃን መቀነሻ ይግባበት።

የጁኒፐር ኤምኤክስ ላይ የምትሠሩ ደግሞ፣ ትልቁ ካርድ ኤፍፒሲ ሲወጣ በላዩ የተሰኩት ትንንሽ ካርዶች፣ ሚኮች፣ ሁሉ አብረው ይወጣሉ። አንዱን ሚክ ብቻ ለመቀየር እርሱን ብቻ ኦፍላይን አድርጉት። በትዕዛዝ ወይም በቁልፉ ይሆናል፤ ቁልፉን ስትጫኑ መብራቱ እስኪጠፋ ድረስ ይዛችሁ ቆዩ፣ ነካ አድርጎ መልቀቅ አይበቃም።

ሰነድ_ያዥ

ብርሃን_መስመር ካነሣው አይቀር፣ የኢተርኔት ካርድ ለሚቀይሩ አንድ ነገር፦ ማክ አድራሻው (የፖርቱ መለያ ቁጥር) በካርዱ ላይ የተጻፈ ከሆነ ካርዱ ሲለወጥ አድራሻውም ይለወጣል። ራውተሩ ሊንኩ ሲነሣ አዲሱን ለጎረቤቶቹ ያሳውቃል፣ ብዙ ጊዜ ያ ይበቃል። ያንን ያልሰማ ጎረቤት ግን አሮጌውን በአርፕ ሰንጠረዡ (የአይፒና የማክ አድራሻ ማዛመጃው) ውስጥ ይዞ ይቆያል፤ በሲስኮ የተለመደው ጊዜ 4 ሰዓት ነው። ሊንኩ ተነሥቶ፣ መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ፣ አንድ ጎረቤት ብቻ ፒንግ የማይመልስ ከሆነ ሰንጠረዡን አጽዱት።

ተረኛው

ዛሬ አደረግሁት። አሮጌው ያለ ችግር ወጣ፣ ሌሎቹ መስመሮች አልተነቃነቁም። ሁለት ነገር ግራ አጋባኝ። አንደኛ፣ አዲሱ ካርድ ገብቶ መብራቱ ለረጅም ጊዜ ቢጫ ሆኖ ቆየ። ላወጣው ስል ሾው ፕላትፎርም «በመነሣት ላይ» ስላለኝ ተውኩት፤ በኋላ አረንጓዴ ሆነ። ሁለተኛ፣ አሁን ካርዱ በኢንቬንተሪ ይታያል፣ የኢ1 ኮንትሮለሮቹ ግን የሉም። ካርዱ ብልሹ ነው ማለት ነው?

መፍቻ

ብልሹ አይደለም። መብራቱን መተውህ ትክክል ነበር፤ ካርዱ ሲነሣ የራሱን ፈርምዌር (የውስጥ ሶፍትዌር) ሊያሻሽል ይችላል፣ በዚያ መካከል የሚነቀል ካርድ ላይመለስ ይችላል።

ኮንትሮለሮቹ የጠፉት ካርዱ ቲ1 (ሌላው የመስመር ዓይነት) ይሁን ኢ1 ስላልተነገረው ነው። ሁለቱንም መሥራት የሚችል ካርድ ስለሆነ እስኪነገረው ምንም አይፈጥርም። በኮንፊገሬሽን ውስጥ ካርድ ታይፕ ኢ1 0 1 በል። በእርግጥ ኢ1 መሆኑን አረጋግጠህ ጻፈው፤ አንዴ ከተመረጠ በኋላ መለወጥ ካርዱን ወይም ራውተሩን እንደገና ማስነሣት ሊጠይቅህ ይችላል።

በኢ1ዎቹ ስልክም የምታስተላልፍ ከሆነ አሮጌውን ካርድ ገልብጠህ እየው። በላዩ ላይ የድምፅ ፕሮሰሰር ሰሌዳ ተሰክቶ ከሆነ አዲሱም ያስፈልገዋል። አሮጌውን ካርድ ከነሰሌዳው ወደ መጋዘን ልከው ስልኩ ለምን አልሠራም እያሉ መስመሩን የሚወቅሱ አሉ።

ተረኛው

ኮንትሮለሮቹ መጡ! ስልክ የለንም፣ ዳታ ብቻ ነው። የመጀመሪያው መስመር ተነሣ፣ ነገር ግን የስሊፕ ቁጥር ዝም ብሎ እየጨመረ ነው። ሁለተኛው ንጹሕ ነው።

ሰነድ_ያዥ

የሰዓት (የክሎክ) ጉዳይ ነው። ኢ1 2.048 ሜጋቢት በሰከንድ ነው፤ ሁለቱ ጫፎች በአንድ ሰዓት ካልተመሩ አንዱ ከሌላው ቀስ በቀስ ይቀድማል፣ በዘለለ ቁጥር አንድ ስሊፕ ይቆጠራል። ከአገልግሎት ሰጪ የሚመጣ መስመር ከሆነ ሰዓቱን ከመስመሩ መውሰድ አለብህ። የቀዳኸውን የድሮውን ሾው ራን ክፈትና ኮንትሮለሩ ሥር የነበረውን አሁን ካለው ጋር አስተያይ። ሁለቱም ፖርቶች ከአንድ አገልግሎት ሰጪ ከሆኑ አንዱን ዋና፣ ሌላውን ተጠባባቂ የሰዓት ምንጭ አድርጋቸው።

ተረኛው

አገኘሁት። በአሮጌው ላይ ከመስመሩ ነበር፤ በአዲሱ የመጀመሪያ ፖርት ላይ ግን ከውስጥ ተብሎ ተጽፏል፣ ከሌላ ቦታ የተገለበጠ ኮንፊገሬሽን ስለ ነበረ ይመስለኛል። ቀየርኩት፣ ስሊፑ ቆመ። እኅቴ፣ ያ ፋይል ባይኖር እስከ ነገ እፈልገው ነበር።

አሁን 2911 ቀረኝ። እርሱን አጥፍቼ ስለምሠራ ይቀለኛል አይደል?

መፍቻ

ለካርዱ ይቀላል። ለራውተሩ ግን ሁለት ነገር አስብበት።

የኃይል ገመዱን ስትነቅል በገመዱ በኩል የነበረው ግራውንድም አብሮ ይሄዳል። ራውተሩ ከጀርባው ለብቻው የታሰረ የግራውንድ ሽቦ ከሌለው አምባርህ የታሰረው መሬት ካልነካ ብረት ጋር ነው ማለት ነው። ሽቦው መኖሩንና መጥበቁን አስቀድመህ እይ። ባዶ የሚቀር ስሎት ካለ ክዳኑን መልስበት፤ ክፍት ከተተወ አየሩ በካርዶቹ ላይ መዞሩን ትቶ በዚያ በኩል ይወጣል፣ ጎረቤቱ ካርድም ይሞቃል።

ከማጥፋትህ በፊት ደግሞ አሁን እየሠራ ያለውን ኮንፊገሬሽን ከተቀመጠው ጋር አወዳድር። ለዓመታት ያልጠፋ ራውተር ከሆነ አንድ ሰው አንድ ቀን ጨምሮት ሴቭ ያላደረገው ነገር በውስጡ ሊኖር ይችላል፤ ባጠፋህበት ደቂቃ ይጠፋል፣ አንተም ካርዱን ትጠረጥራለህ።

ተረኛው

ከመልስዎ በኋላ ገብቼ አወዳደርኳቸው። ሁለት ስታቲክ መንገዶችና አንድ የአክሰስ ሊስት መስመር በተቀመጠው ውስጥ የሉም፤ ማን እንደጨመራቸው የሚያውቅ ሰው እዚህ የለም። ሴቭ አድርጌ አንድ ቅጂ ውጭ አውጥቻለሁ። የግራውንድ ሽቦውም ታስሯል፣ ብሎኑ ግን ላልቶ ነበር።